«ዝምድና» በሚለው መስመር ላይ

በማኅበራችን የዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብና ሰነድ ክፍል ስም የተነበበ



በየዓመቱ በዚህ ሰዓት ከእኛ ክፍል የምትሰሙት ገቢና ወጪ ነው። የዘንድሮው ሒሳብ ተመርምሮ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ስለታተመ ቁጥሩን ደግመን በማንበብ አናሰለቻችሁም። የተሰጠንን ሃያ ደቂቃ ለሌላ ጉዳይ እንድናውለው ሊቀ መንበራችንን አስፈቅደናል። ጉዳዩ ለአንዳንዶቻችሁ የሚከብድ እንደሆነ እናውቃለን። ለእኛም ከብዶናል፤ እስከ ዛሬ የዘገየነውም ስለዚህ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ የምንቀመጥበትን ጠረጴዛ ታውቁታላችሁ። ታክስ እንሠራለን። የኢሚግሬሽን ማመልከቻ የሚያስገቡ አባላት ወረቀታቸውን አሟልተው በቅደም ተከተል እንዲያደራጁ እናግዛለን። ጠበቃ አይደለንም፣ የሕግ ምክርም አንሰጥም። ሥራችን ደረሰኝ መሰብሰብ፣ ኮፒ ማድረግ፣ የጎደለውን መጠቆም ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት አባላችን ወደዚያ ጠረጴዛ መጣች። ስሟን አንጠራም፤ እባካችሁ እናንተም ማን ትሆን ብላችሁ አትገምቱ። ይህ ነገር እንዲነገር የፈቀደችው ራሷ ናት፤ ጽሑፉንም አስቀድማ አይታዋለች፣ ሁለት ቦታ ላይም አርማናለች። እንዳትታወቅ ስንል አንዳንድ ዝርዝር ቀይረናል፤ የቱን እንደሆነ አንነግራችሁም።

አባላችን የአሜሪካ ዜጋ ናት። ፓስፖርቷንና የባንክ ወረቀቷን ይዛ ቀርባ «እጮኛዬን ለማምጣት ምን ምን ያስፈልጋል?» አለችን። ዝርዝሩን አውጥተን አብረን መሙላት ጀመርን። የእጮኛዋን ስም ስትነግረን የሴት ስም ሆነብን። የተሳሳተች መስሎን «ለእኅትሽ ከሆነ ፎርሙ ሌላ ነው» አልናት።

«እኅቴ አይደለችም» አለች።

ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነበርን። ክፉ ቃል የተናገረ የለም። ግን እርስ በርሳችን ተያየን፤ ከዚያ «ይኼ የማኅበሩ ሥራ አይመስለንም» ብለን ወረቀቷን አጥፈን መለስንላት። አመስግናን ወጣች።

ለአሥራ አራት ወር ወደ ጠረጴዛችን አልመጣችም። መዋጮዋ ግን አንድም ወር አልቀረም። ሒሳብ የሚይዝ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሳያይ አያልፍም። በየወሩ በአምስተኛው ቀን ስሟ መዝገቡ ላይ አለ። በዚያው ዓመት አንዲት እናታችን ባረፉ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ ቤት ከቆሙት መካከል እሷ ነበረች። እኛ የመለስናት ሰዎች እሷ የሠራችውን ወጥ በልተን ወደየቤታችን ሄድን።

ነገሩ ሲከነክነን ማንበብ ጀመርን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ሕግ ለአንድ ዜጋ የትዳር ጓደኛን ማምጣት ከቤተሰብ መንገዶች ሁሉ አጭሩ ነው፤ የዓመት ኮታ የለበትም። እኅት ወይም ወንድም ላምጣ ያለ ሰው ግን ከአሥር ዓመት በላይ እንደሚጠብቅ እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ በራሳችሁ አይታችሁታል። እንግዲህ «ሚስት» ወይም «ባል» መባልና አለመባል የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አብሮ መኖርና ተለያይቶ ማርጀት የሚወሰነው በዚያች ቃል ነው።

ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ያች ቃል ተዘግታ ኖራለች። ከ1952 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሰዎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ሕጉ ራሱ የአእምሮ ሕመምተኛ አስመስሎ ይከለክላቸው ነበር፤ ክልከላው የተሰረዘው በ1990 ነው። በ1975 ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር በሚባል ከተማ ክሌላ ሮሬክስ የምትባል የካውንቲ ጸሐፊ፣ ሕጉ አይከለክልም ብላ ለስድስት ጥንዶች የጋብቻ ፈቃድ ሰጠች። ከስድስቱ አንዱ ፊሊፒንስ ተወልዶ የአሜሪካ ዜጋ የሆነው ሪቻርድ አዳምስና አውስትራሊያዊው ቶኒ ሱሊቫን ነበሩ። አዳምስ ለባለቤቱ አመለከተ። ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የመጣላቸው ደብዳቤ በዚህ ጉባኤ ፊት የማይነገር ስድብ አለበት፤ በእናንተ ዓይነት በሁለት ሰዎች መካከል እውነተኛ ትዳር ሊኖር አይችልም የሚል ነው። በመንግሥት ወረቀት፣ ተፈርሞበት።

ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1982 ተፈረደባቸው። በ1985 ሱሊቫን አገር ለቅቆ ሲወጣ አዳምስም ሥራውን ትቶ አብሮት ወጣ። ከዓመት ገደማ በኋላ ተመልሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ድምፃቸውን አጥፍተው ኖሩ። አዳምስ በ2012 መጨረሻ ሞተ። በ2016 መሥሪያ ቤቱ የ1975ቱን ማመልከቻ እንደገና ከፍቶ አጸደቀው፤ ሱሊቫንም ሚስቱ ወይም ባሉ እንደሞተበት ሰው ተቆጥሮ ግሪን ካርድ ተሰጠው። አርባ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። አመልካቹ ግን በሕይወት የለም።

በመካከሉ የሆነውን እኛ ታክስ የምንሠራ ሰዎች በሌላ በኩል እናውቀዋለን። በ1996 የወጣው ሕግ በፌዴራል መንግሥት ፊት ትዳር ማለት የወንድና የሴት ብቻ ነው ብሎ ደነገገ። ማሳቹሴትስ በ2004 ማጋባት ስትጀምር አንድ ሰው በክፍለ ግዛቱ ታክስ ላይ ባለትዳር፣ በፌዴራሉ ላይ ላጤ ሆኖ ይሞላ ነበር። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ገቢ፣ ሁለት ዓይነት ሰው። በኢሚግሬሽን በኩል ደግሞ ያው ላጤነት አገር ያስለቅቃል፦ የተማሪ ቪዛ ያልቃል፣ የሥራ ቪዛ ያልቃል፣ ከዚያ ወይ መለያየት ወይ ካናዳ። ይህን ለማስተካከል ከ2000 ጀምሮ የሕግ ረቂቅ በተደጋጋሚ ለኮንግረስ ቀርቦ ነበር፤ አንዴም አላለፈም።

በሩን የከፈተው የታክስ ክርክር ነው። ኢዲት ዊንዘር የምትባል የኒው ዮርክ አሮጊት ከቲያ ስፓየር ጋር ከአርባ ዓመት በላይ ከኖረች በኋላ በ2007 ቶሮንቶ ላይ ተጋቡ። ስፓየር በ2009 ስትሞት ለዊንዘር የ363,053 ዶላር የውርስ ግብር ተጠየቀባት። ሟቿ ወንድ ብትሆን ኖሮ ግብሩ ዜሮ ነበር። ሰኔ 26 ቀን 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደላት፤ የ1996ቱ ሕግ ቁልፍ አንቀጽ ወደቀ። በሁለተኛው ቀን ፍሎሪዳ ውስጥ የሚኖሩ አንድ አሜሪካዊና አንድ ቡልጋሪያዊ የግሪን ካርድ ማመልከቻቸው ጸደቀ። ዘመዶቻችሁ አውሮፓ ላሉ ደግሞ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 የአንድ ሮማኒያዊና የአንድ አሜሪካዊ ጥንድ ጉዳይ ላይ ተመሳሳይ ነገር ወስኗል፦ በኅብረቱ የነፃ ዝውውር ሕግ «የትዳር ጓደኛ» የሚለው ቃል እነሱንም ይጨምራል።

እኛም ይህን ስናነብ በመጀመሪያ «እንግዲያማ አልቋል» ብለን ነበር። ሕጉ ከተከፈተ ምን ቀረ? የቀረውን ያየነው የአባላችንን ማኅደር ስንከፍት ነው።

ደውለን ይቅርታ ጠየቅናት። ትንሽ ዝም አለችና «ይቅርታው ደህና ነው፤ ወረቀቱንስ ታዩልኛላችሁ?» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ የጫማ ካርቶን ይዛ መጣች።

ኢሚግሬሽን ፍቅርን የሚያየው በወረቀት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጋራ የባንክ አካውንት፣ የሁለቱም ስም ያለበት የቤት ውል፣ የሰርግ ፎቶ፣ ቤተሰብ መሃል የተነሱት ፎቶ፣ የተጻጻፉት፣ የተላላኩት ገንዘብ፣ ምስክሮች። ለሌሎቻችን ይህ አድካሚ ነው እንጂ አስቸጋሪ አይደለም። ሽማግሌ የተላከበት ቪዲዮ አለ፤ የእድር ዳኛው ይመሰክራሉ፤ አክስት ትፈርማለች።

በካርቶኑ ውስጥ የስድስት ዓመት የሐዋላ ደረሰኝ ነበር። ስናየው ደስ አለን፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። አንድ በአንድ መደርደር ስንጀምር ግን በእያንዳንዱ ላይ፣ «ዝምድና» በሚለው መስመር፣ «እኅት» ይላል። ሰባ አንድ ደረሰኝ፣ ሰባ አንድ ጊዜ እኅት።

ሌላ ምን ትጻፍ? በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ያስቀጣል፤ የቤተሰብ ሕጉም ጋብቻን የወንድና የሴት ያደርጋል። ገንዘቡን የምትቀበለው ሰፈሯ ባለ ቅርንጫፍ ነው፤ የሚከፍላት ሠራተኛ እናቷን ያውቃል። የስልክ መልእክቶቻቸውን ሁለቱም በየማታው ያጠፉ ነበር። ሁለት ለብቻቸው የተነሱት ፎቶ ሦስት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከጓደኞች ጋር ነው፤ እሱም ቢሆን ራቅ ራቅ ብለው። ራሳቸውን የጠበቁበት ነገር ሁሉ አሁን በማኅደሩ ላይ ጉድለት ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ለምን ተጋብተው አያመለክቱም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኛም ጠይቀን ነበር። የትዳር ማመልከቻ ለማስገባት ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕጋዊ መሆን አለበት። አዲስ አበባ አይቻልም። ኢትዮጵያዊ ያለ ችግር የሚገባባት ናይሮቢም አይቻልም፤ የኬንያ ሕግ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ እስከ አሥራ አራት ዓመት ያስቀጣል፣ ፍርድ ቤቱም በ2019 ሕጉ ይሰረዝ የሚለውን ጥያቄ ውድቅ አድርጎታል። ከአፍሪካ በ2006 የፈቀደችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ቪዛ ያስፈልጋል፣ ለቪዛው የባንክ ሒሳብና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤውን ለማግኘት ደግሞ አለቃን «ለምን ትሄጃለሽ?» ለሚል ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። በቪዲዮ የሚያጋባ ካውንቲ ዩታ ውስጥ አለ ያለን ሰው ነበር። እውነት ነው አለ፤ ኢሚግሬሽን ግን ከሥርዓቱ በኋላ ጥንዶቹ በአካል ካልተገናኙ አይቀበለውም። ዞሮ ዞሮ መገናኛ ቦታ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የቀረው ኬ-1 የሚባለው የእጮኛ ቪዛ ነው። ይህኛው ጋብቻ አይጠይቅም፤ ከማመልከቻው በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ግን ማሳየት ግዴታ ነው። መጥታ በዘጠና ቀን ውስጥ መጋባት አለባቸው። አባላችን እኛ በመለስናት ዓመት ፈቃዷን አጠራቅማ ናይሮቢ ሄዳ ነበር፤ አሥር ቀን አብረው ቆዩ። የአውሮፕላኑ ወረቀት አለ፣ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም አለ፣ የሆቴሉ ደረሰኝም አለ። የሆቴሉ ደረሰኝ «ባለ ሁለት አልጋ ክፍል» ይላል። ፈርተው ነው እንደዚያ የያዙት።

ገቢዋ ችግር የለበትም። ሲጋቡ ለሁለት ሰው የሚጠየቀው በ2025 ስሌት 26,437 ዶላር ነበር፤ ሁለት ሥራ ስለምትሠራ ከዚያ በላይ አላት። ይህን በአምስት ደቂቃ ጨረስነው።

የከበደው ሌላ ነበር። ማኅበሩ በአባላት የሕግ ምክር በጀት ከጠበቃ ጋር የአንድ ሰዓት ቀጠሮ ከፈለላት፤ በዚህ ዓመት ሒሳብ «የሕግ ምክር» በሚለው ውስጥ አለ። ጠበቃዋ መጀመሪያ የጠየቀቻት «እጮኛሽ ከዚህ በፊት ቪዛ ጠይቃ ታውቃለች?» የሚል ነው። ጠይቃለች። ከአምስት ዓመት በፊት ለጉብኝት አመልክታ የተከለከለች ጊዜ፣ የምትጎበኛትን ሰው «የአጎቴ ልጅ» ብላ ሞልታለች። ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በቪዛ ማመልከቻ ላይ አውቆ የተነገረ ሐሰት ዋና ነገርን የሚነካ ከሆነ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፣ እሱም ሌላ ፎርም፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ጥበቃ ነው። ምክሯ አንድ ብቻ ነበር፦ ምንም ሳትደብቁ፣ ለምን እንደዚያ እንደተባለ ጽፋችሁ አስገቡ።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዷ፣ ከመጨነቋ የተነሳ፣ «ደረሰኞቹን ብንተዋቸውስ?» ብላ ነበር። አልተውናቸውም። ስለ እውነት ልንሰብክ አይደለም፤ ሒሳብ ሹም የማይመቸውን ደረሰኝ ማውጣት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፣ በማግስቱም የሌላው አባል ማኅደር የማይታመን ይሆናል። ሰባ አንዱንም በቅደም ተከተል አስገባን። ከፊታቸው አባላችን የጻፈችው ሁለት ገጽ አለ። እኛ የሠራንላትን ረቂቅ አንብባ «ይኼ የቢሮ ነው» ብላ ጣለችውና ራሷ ጻፈችው። እኅት ብዬ የጻፍኩት እንዳትታሰርብኝ ነው ይላል፤ ሌላ ሰበብ የለበትም።

የቀረው ምስክር ነው። ግንኙነታቸውን አውቃለሁ ብሎ የፈረመ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ በአረጋውያን መጦሪያው አብራት የምትሠራ የኤል ሳልቫዶር ሴት። ከሐበሻ አንድም የለም። ለሌሎች አባላት ለእጮኛ ቪዛ ማኅበራችን የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ማኅተም አድርገን ስንሰጥ ኖረናል። በመተዳደሪያ ደንባችን ግን ተዘዋዋሪ ብድሩም ደብዳቤውም «ባሏን ወይም እጮኛዋን ለምታመጣ» አባል ነው የሚለው፤ ኮሚቴው «እጮኛ» የሚለውን ወንድ ብሎ ተርጉሞታል። ዛሬ የምናቀርበው ማሻሻያ «ባሏን» የሚለውን ቃል «የትዳር ጓደኛዋን» በሚል መተካት፣ ከ«እጮኛዋን» ቀጥሎም «ወንድም ሆነ ሴት» የሚል መጨመር ነው። ለማመልከቻው የሚከፈለው 675 ዶላር ነው፤ እሱንም ከራሷ ከፍላዋለች፣ ብድሩን ዛሬ አልጠየቀችም።

በኮሚቴው የተነሱትን ተቃውሞዎች መደበቅ አይገባንም። ኃጢአት ነው ያላችሁ አላችሁ። ለዚያ መልስ የለንም፤ እኛ የሒሳብ ሰዎች ነን፣ ማኅበራችንም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አይደለም፤ ከሁለቱም የመጡ ሴቶች ያቆሙት ቤት ነው። የማኅበሩ ስም ይጠፋል፣ ደጋፊዎችም ይሸሻሉ ያላችሁ አላችሁ። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ደጋፊዎቻችን እዚህ ስላላችሁ በግልጽ ተናገሩን፣ በበጀቱ ላይ የሚመጣውን ማወቅ እንፈልጋለን። አንዲት እናታችን ደግሞ «ነገሩን እኔ አልወደውም። ነገር ግን መዋጮዋን ስንቀበል ማንን ትወጃለሽ ብለን አልጠየቅናትም» ብለዋል። ድምፃቸውን ለየትኛው ወገን እንደሚሰጡ አልነገሩንም።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋን ወሬ ነው። ከዚህ አዳራሽ የወጣ ነገር አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ሌሊት አይፈጅበትም። እዚህ የሚያስከትለው ሐሜት ነው፤ እዚያ ግን ፖሊስ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ማኅደሯን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ ደብዳቤው ቢፈቀድ ስሙ ሳይነበብ በቁጥር ብቻ ለፊርማ ይቀርባል፣ የሚፈርሙት ሊቀ መንበራችን ከሁለታችን አንዷ ባለችበት ብቻ ነው። ይህ አሠራር ለሁሉም አባል እንዲሆን እንጠይቃለን፤ ባሏን የምታመጣም ብትሆን ሰው ሁሉ ገቢዋን የሚያውቅበት ምክንያት የለም።

ማመልከቻው ከገባ አራት ወር ሆኖታል። ሲጸድቅ ወደ ኤምባሲው ይሄዳል፣ ከዚያ ኢንተርቪው ነው። እጮኛዋ እንግሊዝኛ እያጠናች ነው፤ ሐበሻ አስተርጓሚ ፊት መናገር አልፈልግም ብላለች። ደብዳቤው ዛሬ ከተፈቀደ ለኢንተርቪው ይደርሳል።

ባለፈው ሳምንት አባላችን የዚህን ወር የሐዋላ ደረሰኝ አመጣችልን። «ዝምድና» በሚለው መስመር ላይ አሁንም «እኅት» ነው የሚለው፤ ያው ሠራተኛ ነው የሚከፍላት። ተራ ቁጥር ሰጥተን ከሌሎቹ ጋር አስገብተነዋል።

የማሻሻያው ጽሑፍ በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው፤ በሚስጥር እንዲሆን ሣጥን አዘጋጅተናል።